የዝውውር ሒሳብ

አማርኛችን ከአገሩ ለሚወጣ ሰው ስም አላጣም። የተባረረው ስደተኛ ነው፤ ተፈርዶበት የተላከው ግዞተኛ፤ በአዋጅ የሄደው ዘማች፤ ለትርፍ የሄደው ሲራራ ነጋዴ፤ ለነፍሱ የወጣው መናኝ ነው። እነዚህ ቃላት ምክንያታቸውን በሆዳቸው ይዘዋል፤ ስሙን የሰማ ሰው «ለምን ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። ማንም ሳያባርረው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የዕለት እንጀራም ሳያጣ፣ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው እየመከሩ ወደ ጎረቤት አገር ስለሚሄድ ቤተሰብ ግን የተሰናዳ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ያገኘሁት ከሥራ ቤቴ ነው፤ ዝውውር። በባንክ ሠራተኛ ይዛወራል፤ ገንዘብም ይዛወራል። የገንዘቡ ዝውውር አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ከአንዱ ሒሳብ የወጣው፣ የአገልግሎቱ ክፍያ ተቀንሶ፣ በሌላው ሒሳብ መግባት አለበት። መንገድ ላይ የቀረ ሳንቲም ካለ ማታ ሳንፈልገው ወደ ቤታችን አንሄድም። የሠራተኛው ዝውውር ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ሰውየው ከአንዱ ቅርንጫፍ ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ በመካከል ምን እንደ ቀረ የሚፈልግለት የለም።

ነገራችን እንዲህ ነው። ባለቤቴ ለዘጠኝ ዓመታት ከሠራችበት ድርጅት የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮው ወዳለበት ወደ ናይሮቢ እንድትሄድ ተጠየቀች። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ሊታደስም ይችላል። ደመወዙ በዶላር ነው። መልሱ የሚጠበቀው በወሩ መጨረሻ ነው። እኔ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ፣ በሐዋላ መስኮት፣ የሰው ልጅ ከባሕር ማዶ ለእናቱ የላከውን ገንዘብ ለእናቱ እየቆጠርሁ የማስረክብ ሠራተኛ ነኝ። ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አሉን። እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። አምስት ነፍስ በአንድ ሁለት መኝታ ቤት ባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤ ይኸው ነው።

* * *

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። ስለ አገር ሲሆን ግን ተረቱን ገልብጠን የምንኖረው ይመስለኛል። በመስኮቴ ፊት የሚቆሙ ደንበኞች ስለ ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ፣ ስለ ዱባይ ሙቀት፣ ስለ ቶሮንቶ በረዶ ሲጨዋወቱ እሰማለሁ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለምትርቀው ስለ ናይሮቢ የሚያወራ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። እኔም ጥሪው እስኪመጣ ድረስ ስለ ከተማዋ የማውቀው ከሯጮቻቸውና ከአንበሶቻቸው ብዙም አያልፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማንበብ ጀመርሁ።

ሁለቱ ከተሞች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ ናይሮቢ ከአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ ይዘረጉት የነበረው የባቡር ሐዲድ ማረፊያ ሆና ተወለደች። የእኛይቱን ውልደት የምናያይዘው ከእቴጌ ጣይቱና ከፍል ውኃ ጋር ነው። ናይሮቢ የሚለው ስም ደግሞ ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። አንዷ በፍል ውኃ ዳር፣ አንዷ በቀዝቃዛ ውኃ ዳር! ይህን ባነበብሁበት ሌሊት፣ የግጥም ሱስ ያለበት ሰው ነኝና፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ናይሮቢ የኃይለ ሥላሴ ጎዳና አላት፤ ምኒልክ የተባለ መንገድም አላት። አዲስ አበባም የጆሞ ኬንያታ ጎዳና አላት። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ስም በግድግዳው ላይ ጽፎ፣ ግን ቡና ሳይጠራራ እንደሚኖር ያለ ነገር ነው።

ይሁንና በመካከል ያለው መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ግድም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የደቡቡን ድንበር ተሻግረው በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ የስደተኞች ካምፕ ተቀምጠው ነበር። በደርግ ዘመን ተማሪውና ወታደሩ በሞያሌ አልፏል። ደርግ ከወደቀ በኋላም ዋልዳና ካኩማ የተባሉት ካምፖች የእኛን ሰዎች አስተናግደዋል። ዛሬም፣ በተለይ ከሐድያና ከከምባታ አካባቢ የተነሡ ወጣቶች፣ በዚያው በሞያሌ አድርገው፣ ኬንያን አቋርጠው፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳሉ። ሁሉም አይደርሱም። በየአገሩ እስር ቤት የከረሙ አሉ፤ በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ አየር አጥተው የቀሩም አሉ።

ይህን የማነሣው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። እኛ በሻንጣና በአውሮፕላን፣ የሥራ ፈቃድ ተይዞልን የምንሄድ ሰዎች፣ የእነዚያን ሰዎች ቃል ለራሳችን መውሰድ እንደሌለብን ስለማምን ነው። አንድ ወዳጄ «ተሰደዳችሁ በለኛ!» ሲለኝ በጨዋታ ያለው ቢሆንም ደስ አላለኝም። ስደት የሚለው ቃል ባለቤት አለው፤ መንገድ ላይ የከፈለበት። የእኛ ሒሳብ ስደት አይደለም። የእኛ ሒሳብ ምርጫ ነው፤ የሚከብደውም ለዚሁ ነው። የተባረረ ሰው «ለምን ወጣሁ?» ብሎ ራሱን አይከስም፤ የመረጠ ሰው ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ለራሱ መልስ ሰጭ ነው።

* * *

ልማዴ ነውና በነጭ ወረቀት ላይ መሥመር አሰመርሁ፤ በግራ «ብንሄድ»፣ በቀኝ «ብንቀር»። መጀመሪያ የገባው እንደተለመደው ገንዘብ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን በተባለ ጊዜ መስኮቴ ላይ ነበርሁ። በዋዜማው አንድ ዶላር ሃምሳ ሰባት ብር ከምናምን ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የሐዋላ ደንበኞቼ ፊት ሲበራ፣ በሌላው ሰልፍ የቆሙት የደመወዝተኞች ፊት ሲጠቁር፣ ሁለቱንም ከአንድ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ። ከእኔ ሰልፍ የማንኛው እንደሆንሁ መናገር አያሻኝም።

ስለ ኬንያ ሽልንግ ያስተዋልሁትንም ልጨምር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ ብር ዘጠኝ ያህል ሽልንግ ይመነዘር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ከዚያም ብራችን ከሽልንጉ አንሶ ወረደ። በእርግጥ የአንድ አገር ገንዘብ ቁጥሩ ማነሱና መብዛቱ ብቻውን ድህነትንም ሀብትንም አይናገርም፤ ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ግን በአንድ ሰው የጎልማሳነት ዘመን ውስጥ ዘጠኝ የነበረው አንድ ሲሆን ማየት፣ ትምህርት የማያስረዳው የራሱ ስሜት አለው።

በግራው ዓምድ ስለዚህ ዶላሩ ገባ፤ የልጆች ትምህርት ገባ፤ የባለቤቴ የሥራ ዕድገት ገባ። እንጀራና በርበሬም አይጠፋም፤ ኢስትሊ በተባለው ሰፈር የአገራችንን ቅመም የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል ይላሉ።

በቀኙ ዓምድ የገባው ደግሞ ይህ ነው። ናይሮቢ ገነት አይደለችም። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ዶላሩን በቶሎ ያሳንሱታል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከተማዋ ትንፋሽዋን ትይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የተደረገውን ምርጫ ተከትሎ የፈሰሰው ደም አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቶቿ የታክስ ጭማሪ ያዘለውን ሕግ ተቃውመው ወደ ፓርላማው ሰብረው ገቡ፤ ሰዎችም ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንቱ በማግሥቱ ሕጉን አልፈርምም አሉ። ስለዚህ ከእሳት ወደ ጥላ እንሄዳለን ብዬ ራሴን አላታልልም። የሰው አገር ችግር የሚቀልለው ለጊዜው ነው፤ የእኛ ስላልሆነ። ስንከርምበት የእኛም ይሆናል።

ሁለተኛው የእኔ ሥራ ነው። ለአጭር ጉብኝት ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አንጠየቅም፤ ለመሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። የሥራ ፈቃዱ የባለቤቴ ነው። እኔና ልጆቹ የምንገባው በእርሷ ስም በሚሰጥ ፈቃድ ሲሆን፣ ያ ፈቃድ ደመወዝ ያለው ሥራ አያሠራም። ያ ፈቃድ በአማርኛ ምን ይባላል ብዬ ሳስብ፣ የመጣልኝ «ጥገኛ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ቃላችን እንዴት ጨካኝ እንደሆነ እይ! ጥገኛ የምንለው የሰው ዛፍ ላይ የበቀለውን ሐረግ ነው፤ በሆድ ውስጥ የሚኖረውን ትል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በባንክ የሠራ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ይህን ስም በፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ ይዞት ይዞራል።

ነገሩን የሚያስቅ የሚያደርገው ደግሞ ጊዜው ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች በአገራችን እንዲሠሩ የሚፈቅደው አዋጅ በምክር ቤት ጸድቋል። አዲስ አበባ ላይ የወኪል ጽሕፈት ቤት ከፍተው ለዓመታት ይህን ቀን ሲጠብቁ የቆዩ የኬንያ ባንኮችም ነበሩ። እነርሱ ወደ ሰሜን ሲያዩ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛው ወደ ደቡብ እያየሁ ነው፤ ያውም ሥራ ላልሠራበት።

* * *

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ሚዛኔ በጣም ዋዠቀብኝ።

ስዋሂሊ መማር ጀመርሁ። ሰዋስዉ የባንቱ ቋንቋዎች ነው፤ ለእኔ ፍጹም ባዕድ። ከቃላቱ ብዙዎቹ ግን በባሕር ዳር ንግድ ከዐረብኛ የገቡ ስለሆኑ፣ ለሴም ቋንቋ ተናጋሪ የአጎት ልጆች ናቸው። ሳህን «ሳሃኒ» ነው። ደም «ዳሙ» ነው። ክርታስ «ካራታሲ» ነው። ሰባ «ሳቢኒ»፣ ሰማንያ «ቴማኒኒ» ነው። ሒሳብ ሳይቀር «ሄሳቡ» ነው! «ኤልፉ» ሲሉ ሰምቼ እልፍ መሆኑን ጠረጠርሁ፤ እውነትም ያው ነው። ነገር ግን የእነርሱ ኤልፉ አንድ ሺህ ነው፤ የእኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ነው። አንድ ቃል ድንበር ሲሻገር ዐሥር እጅ ሊያድግ ወይም ዐሥር እጅ ሊያንስ እንደሚችል ለባንክ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። የሰውስ ዋጋ እንዲሁ ይሆን?

ከሁሉ ያስደነቀኝ የሰዓታቸው ነገር ነው። ቢሮው በፈረንጅ ሰዓት ቢሠራም፣ በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ቀኑን የሚጀምሩት እንደ እኛው ከንጋት ነው። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱም አንድ ሰዓት ይሉታል። ዓለም ሁሉ ተሳስቶ እኛ ብቻ ትክክል የሆንን እየመሰለን፣ ወይም እኛ ብቻ የተለየን እየመሰለን ስንኮራና ስናፍር ኖረን፣ ለካስ የጎረቤታችንም ፀሐይ በእኛው ሰዓት ትወጣለች!

ይህ ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ ግን የእኔ ደስታ የቃል ወዳድ ሰው ደስታ ነው። ልጄ ወደዚያ የምትሄደው የቃላት ዘር ልትመረምር አይደለም፤ ልትኖር ነው። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። ፊደል ቆጥራ ጨርሳ፣ የተረት መጽሐፍ ለአያቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነብበት ዕድሜ ላይ ናት። እዚያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የጨዋታው ቋንቋ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተደባለቁበት ነው። የትምህርቱ ዘመን የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው፤ የእኛዋ ተማሪ በሰኔ ክፍሏን ጨርሳ ግማሽ ዓመት በሁለት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ተንጠልጥላ ትቆያለች። በሁለት ዓመት አማርኛዋ አይጠፋም። በአራት ዓመት ግን የወጥ ቤት አማርኛ ይሆናል፤ «ብዪ፣ ተኚ፣ ዝም በዪ» ብቻ የሚባልበት። ለሰላምታ የሚበቃ፣ ለግጥም የማይበቃ።

ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የመጣልኝ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ጽፎ ከገነነ በኋላ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ጊኩዩ የተመለሰ ሰው ነው። በጊኩዩ በተዘጋጀ ቴአትር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ያለ ፍርድ ታሰረ፤ በእስር ቤትም ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልቦለድ ጻፈ። ቀሪ ዕድሜውን በአብዛኛው በስደት ኖሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፈ። እርሱ ወደ ቋንቋው ለመመለስ ያን ሁሉ በከፈለበት አገር፣ እኔ ልጄን ከቋንቋዋ ላወጣ እየተሰናዳሁ ነው ወይ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ደግሞ በሌላ በኩል፣ ንጉጊ ራሱ ከአገሩ ውጭ ሆኖ፣ በባዕድ ከተማ፣ በጊኩዩ ጽፏል። ቋንቋ በመሬቱ ብቻ አይኖርም፤ የሚንከባከበው ሰው ባለበት ቤት ይኖራል። ይህን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው? በሁለቱም ጻፍሁት።

በዚያው ሌሊት አራት መሥመር ግጥም ቢጤ ሞነጨርሁ፤

ከፍል ውኃ ተነሥቼ ቀዝቃዛ ውኃ ብጠጣ፣
ጥሙስ ይቆረጥ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከየት ይምጣ?
ሒሳብ ሒሳብ ነው ይሉኛል፤ እዚያም «ሄሳቡ» ይሉታል፤
እናትን ከየትኛው ዓምድ፣ በየትኛው ቋንቋ ያወጧታል?

ባለቤቴ ጠዋት አነበበችውና፣ «ሙቀቱን ተወው፤ ብርድ ከሆነ ምድጃ እንገዛለን። የመጨረሻው መሥመር ግን እውነት ነው» አለችኝ። ከዚያም ለብዙ ቀናት ሳልመልሰው የቆየሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ጥሪው ለአንተ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ወረቀት እናሰምርበት ነበር?»

* * *

ዝም ብዬ ወደ ሥራ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ያሰብሁት ስለ እናቴ ነው።

አባቴ መምህር ነበር፤ ነፍሱን ይማር። መንግሥት ከጎባ ወደ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ አዛወረው። በቤታችን ይህ ሁሉ የሚተረከው «አባታችሁ ሲዛወር» እየተባለ ነው። እናቴ በእያንዳንዱ ከተማ እንደገና ጎረቤት ለምዳ፣ እንደገና ዕቁብና ማኅበር ገብታ፣ ነቀምቴ ላይ ኦሮምኛ አቀላጥፋ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በአነጋገሯ ተስቆባት ኖራለች። የእርሷ ዝውውር ግን የትም አልተጻፈም። ደብዳቤው ላይ ስሟ አልነበረም።

ማታ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያኔ አባዬ ሲዛወር አንቺን ጠይቆሽ ያውቃል?»

«ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ዕቃ እሰሪ አለኝ፤ አሰርሁ» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «እናንተ እኮ እየተጠያየቃችሁ ነው። ወር ሙሉ ስትንሾካሾኩ እሰማችኋለሁ። እኔ ቅር የሚለኝ እኔን ያልጠየቃችሁኝ እንደሆነ ነው» አለች።

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«ቅርብ ነው ትላላችሁ። ቅርብ መሆኑ ነው የሚከፋው፤ ሩቅ ቢሆን አልቅሼ አርፍ ነበር። ቅርብ ከሆነ በር በሩን ሳይ ልኖር ነው።»

በባንክ የዕለቱን ሒሳብ ስንዘጋ መጀመሪያ የምናየው ድምሩን ነው። ገቢና ወጪው ከተካከለ ሁሉም በረጅሙ ይተነፍሳል። ይሁንና ልምድ ያለው ሠራተኛ አንድ ነገር ያውቃል፤ ድምሩ ተካክሎም የአንዱ ደንበኛ ገንዘብ በሌላው ሒሳብ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ድምር ይህን አያሳይም። ድምር ሰው አያውቅም። የቤታችን ወረቀትም እንዲሁ ነበር፤ «ብንሄድ» እና «ብንቀር» ብሎ ቤተሰቡን እንደ አንድ ደንበኛ ቆጠረው። ቤተሰብ ግን አንድ ሒሳብ አይደለም። ትርፉ በአንዱ ስም ይገባል፤ ዕዳው በሌላው ስም ይወጣል፤ ድምሩ ያምራል፤ አንዷ አሮጊት ግን በር በሩን እያየች ትቀራለች።

ስለዚህ ወረቀቱን ቀድጄ አዲስ አሰመርሁ፤ በዚህኛው የጻፍሁት አምስት ስም ነው። ባለቤቴ የምታተርፈው ከሁላችንም ይበልጣል፤ የሚገባትም ነው። ዘጠኝ ዓመት ሌሎች የሚሾሙበትን ሥራ ስትሠራ አይቻታለሁ። ልጄ ታተርፋለች፣ ታጣለችም። እኔ ደመወዜንና ወንበሬን አጣለሁ። እናቴ ታጣለች፤ በእርሷ ረድፍ በትርፍ በኩል የሚጻፍ ነገር ለሦስት ቀን ፈልጌ አጣሁ።

ጥያቄያችን በዚህ ተለወጠ። «መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት?» የሚለውን ተውነው፤ በየትኛውም በኩል የሚያጣ ሰው አለና። የተተካው ጥያቄ «የሚያተርፈው ለሚያጣው ምን ይከፍላል?» የሚለው ሆነ። ይህኛው መልስ አለው።

መልሳችንን እንዲህ ጻፍን። ባለቤቴ ጥሪውን ትቀበላለች። እናቴ ከታላቅ እህቴ ጋር በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ከሰፈሯና ከማኅበሯ ሳትርቅ ትቀመጣለች፤ ከዶላሩ መጀመሪያ የሚወጣው የእርሷ የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል፤ ልጆቹም ክረምቱን በእርሷ ቤት ያሳልፋሉ። ይህ በወረቀት ተጽፎ ሁላችንም ፈርመንበታል፤ እናቴም በጎባ መሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል። እኔ ከባንኩ የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል አበው። በዚያም ዓመት ሥራ አለኝ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ልጄን አማርኛ አስተምራለሁ። ተረት እናነባለን፣ ለአያቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። የጥገኛ ፈቃድ ይዞ የሚገባ ሰው ቢያንስ የአንድ ቋንቋ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል የወንበሬ ማጣት አይቆረቁረኝም ማለቴ አይደለም፤ ይቆረቁረኛል። እናቴ ሦስት ጊዜ የቀመሰችውን አንድ ጊዜ መቅመስ ግን ከፍትሕ የራቀ አይመስለኝም።

የቀረ አንድ ረድፍ አለ፤ የትንሹ ልጃችን። ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ቤት አያስታውሰውም። አያቱ ጠዋት ጠዋት እጁን ይዛ በረንዳው ላይ የምታሳየውን የጽድ ዛፍ አያስታውሰውም። ሊያገኝ የሚችለውን ሁሉ ልጽፍለት እችላለሁ፤ የሚያጣውን ግን እርሱ ራሱ ስለማያውቀው፣ ምን ብዬ እንደምክሰው አላውቅም። በእኛ ሥራ የማን እንደሆነ ያልተለየ ገንዘብ ሲገኝ ለብቻው ለጊዜው የሚቀመጥበት ሒሳብ አለ። ማንም አይነካውም፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ይጠበቃል። የእርሱን ረድፍ እዚያ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን አድጎ፣ በማንኛውም ቋንቋ ይሁን፣ መጥቶ የጠየቀኝ እንደሆነ፣ መዝገቡን አውጥቼ ላሳየው ተዘጋጅቻለሁ።